ማር ለጨቅላ ሕፃን ለምን አይሰጥም?

ማር ለትልቅ ሰው ምግብም መድኃኒትም ነው። ጠጁም፣ ብርዙም፣ ለሳል የሚላሰውም ከእሱ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል ሕፃን እንደተወለደ፣ ጡት ሳይዝ፣ ቅቤ ወይም ማር ያልሱታል። ይህ በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው። ነገር ግን ማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ጨቅላን የሚጎዳ ነገር ይገኛል። ምን እንደሆነ እንይ።

በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ተሕዋስያን አሉ። ከነዚህ አንዱ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ይባላል። ስሙ ይረዝማል፤ ከስሙ ይልቅ ጠባዩን ማወቅ ይበልጣል። ይህ ተሕዋስ አየር አይስማማውም። ኑሮ ሳይመቸው ሲቀር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ይተኛል። በጎተራ የከረመ እህል እርጥበት ሲያገኝ እንደሚበቅል ሁሉ፣ ይህም አየር የሌለበት እርጥብ ቦታ ሲያገኝ ይነቃል። ሲነቃ መርዝ ይሠራል። ነርቭ በሚባሉ ክሮች ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ መርዙ ይቆርጠዋል። ጡንቻው ይዝላል። ሲብስ መተንፈስም ይቆማል። በሽታው ቦቱሊዝም ይባላል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ቤልጂክ አገር፣ ኤሌዜል በምትባል መንደር፣ ለቀብር የመጡ ሙዚቀኞች በጨው የቆየ የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ። ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርሜንገም የሚባል ምሁር ሥጋውን መርምሮ ተሕዋሱን አገኘው። ለእኛ ሰው የአሳማ ሥጋ ነገር ሩቅ ነው፤ ቆርቆሮ ግን ገበያችን ገብቷል። በቆርቆሮ በታሸገ ምግብ ውስጥም አየር የለም። ስለዚህ ያበጠ፣ የሚያፈስ፣ ሲከፈትም አረፋ የሚተፋ ቆርቆሮ ለሰውም ለውሻም አይሰጥ። ልቅመሰው ማለትም የለም፤ ጥቂቷ ትበቃለች።

ወደ ማሩ እንመለስ። በ1976 በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሐኪሞች ይህ በሽታ ሕፃናትን በሌላ መንገድ እንደሚይዝ ተረዱ። ሕፃኑ የሚውጠው መርዙን ሳይሆን የተኛውን ዘር ነው። ትልቅ ሰው ቢውጠው በአንጀቱ ቀድመው የሰፈሩ ሌሎች ተሕዋስያን ቦታ አይለቁለትም። የጨቅላ አንጀት ግን ገና ሰው ያልሰፈረበት መሬት ነው፤ ዘሩ እዚያው ይበቅላል።

«ብዙዎቻችን ማር ልሰን አድገን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ማር ሁሉ ዘሩ የለበትም፤ የላሰ ሁሉም አይታመምም። ግን ያለበትን ከሌለበት በዓይንም፣ በሽታም፣ በጣዕምም መለየት አይቻልም። ታዲያ ብናፈላውስ? መርዙ በደንብ ሲፈላ ይጠፋል፤ ዘሩን ግን የፈላ ውሃ አይገድለውም። በደጋ ደግሞ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጭራሽ አይነካውም።

ስለዚህ ሕፃኑ 12 ወር እስኪሞላው ድረስ ማር፣ በጣት ጫፍም ቢሆን፣ አይቅመስ። እንደተወለደ እንገሩን ይጥባ፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። አራሷ ራሷ ማር ብትበላ ግን ችግር የለም፤ በጡት አያልፍም።

አስቀድሞ የሚታየው የሆድ ድርቀት ነው። ከዚያ ሕፃኑ መጥባት ያቅተዋል፣ ልቅሶው ይደክማል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ አንገቱ አልጸና ይላል። ትኩሳት ስለሌለው ደኅና ነው ተብሎ አይቆይ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ማር ልሶ ከሆነም ሳይደበቅ ለሐኪሙ ይነገር።