"ኦርጋኒክ ነው" ተብሎ የሚሸጠው የሕፃን ልብስ፦ ምኑ ነው ኦርጋኒክ?

ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ "የሕፃናት ልብስ" ብላችሁ ፈልጉ። "ኦርጋኒክ"፣ "ባምቡ"፣ "መቶ ፐርሰንት ጥጥ"፣ "ለአካባቢ ተስማሚ" የሚሉ ማስታወቂያዎች ይደረደሩላችኋል። ቀለማቸው ለስለስ ያለ፣ ፎቷቸው የሚያምር፣ ዋጋቸው ደግሞ ከሌላው ጠንከር ያለ ነው። አዲስ ወላጅም ሁኑ አራስ ጠያቂ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ለዚህ ቃል ተጨማሪ ብር መክፈል ያዋጣል ወይ?

አጭሩ መልስ፦ ቃሉ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሕፃን ልብስ ላይ መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። ከምን ተሠራ? በምን ተነከረ? ስንት ልጅ ይለብሰዋል? ሦስተኛውን ጥያቄ ሻጭ አያነሳላችሁም፤ ለአካባቢም ለኪሳችሁም ትልቁ ግን እሱ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

"ኦርጋኒክ" ምን ማለት ነው?

ኦርጋኒክ ጥጥ ማለት ያለ ኬሚካል ፀረ ተባይና ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የበቀለ ጥጥ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ በቅድሚያ የሚያወራው ስለ ማሳው ነው እንጂ ስለ ልብሱ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ የበቀለ ጥጥ ፋብሪካ ገብቶ በማይረባ ቀለም ሊነከር ይችላል።

ለዚህ ነው ዓለም አቀፍ ምልክቶች የመጡት። ሁለቱን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው "ጎትስ" ይባላል። ከማሳው እስከ ስፌቱ ያለውን ሂደት ይቆጣጠራል። ልብሱ ላይ "ኦርጋኒክ" ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ 95 በመቶው ክር ኦርጋኒክ መሆን አለበት። ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ምልክቱን ጭራሽ አያገኝም።

ሁለተኛው "ኦኮ ቴክስ ስታንዳርድ 100" ነው። እሱ ጥጡ እንዴት እንደበቀለ አያወራም። የሚመረምረው ያለቀለት ልብስ ላይ ጎጂ ኬሚካል መኖር አለመኖሩን ነው። "ክላስ 1" የሚባለው በጣም ጥብቁ ደረጃው የተዘጋጀው እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት ነው።

ሁለቱም ምልክቶች ሲታተሙ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩን ወስዳችሁ የድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማጣራት ትችላላችሁ። ሻጩ "ኦርጋኒክ ነው" ሲላችሁ "የሌብሉን ፎቶ ላክልኝ" በሉት። ቁጥር ከሌለው የምትከፍሉት ለቃሉ ነው።

"ባምቡ"ስ?

ባምቡ ያው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ቶሎ ያድጋል፣ ብዙ ፀረ ተባይም አይፈልግም፣ ይሄ እውነት ነው። ችግሩ እንጨቱ ወደ ለስላሳ ጨርቅ የሚቀየርበት መንገድ ነው። አብዛኛው "ባምቡ" ልብስ ቀርከሃው በጠንካራ ኬሚካሎች ሟሙቶ የሚሠራ ሬዮን ወይም ቪስኮስ የሚባል ጨርቅ ነው። ከኬሚካሎቹ አንዱ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞችን ነርቭ እንደሚጎዳ ይታወቃል።

በአሜሪካ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ዋልማርትንና ኮልስን ከሬዮን የተሠሩ ምርቶችን "ባምቡ" ብለው፣ ለአካባቢ ተስማሚ አስመስለው ሸጠዋል ብሎ ከሰሳቸው። ዋልማርት 3 ሚሊዮን፣ ኮልስ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ጨርቁ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለስላሳ ነው። ግን "ተፈጥሯዊ ነው" ተብሎ እጥፍ ዋጋ ሲጠየቅበት ዝም አትበሉ።

ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር?

ፖሊስተር ፕላስቲክ ነው። ላብ አይመጥም፣ በታጠበ ቁጥር ደግሞ በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ክሮች ይለቃል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ደቃቅ ሆነው ወደ ውቅያኖስ ከሚገቡ ፕላስቲኮች 35 በመቶ ገደማው የሚመጣው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከማጠብ ነው።

ሌብል የሌለው ልብስ ከገዛችሁ የድሮው ዘዴ አለ። ከውስጠኛው ስፌት አንድ ክር ምዘዙ። ከልጅ ርቃችሁ፣ ሳህን ላይ፣ በፒንሳ ይዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ሲቀዘቅዝም ደረቅ ፍሬ ይሆናል። (ቪስኮስም እንደ ጥጥ ነው የሚነደው፤ ስለዚህ ዘዴው ፕላስቲክን ነው የሚያጋልጥላችሁ።)

ይሄ ፈተና በተለይ ለሀበሻ ልብስ ይጠቅማል። ለክርስትና፣ ለጥምቀት፣ ለልደት ለልጆች የሚገዛው ሁሉ ሽመና እንዳይመስላችሁ። ጥለቱ በማሽን የታተመበት ፖሊስተር ገበያውን ሞልቶታል። ከሩቅ ሲታይ ያው ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል። ልጁ ግን ፀሐይ ላይ ፕላስቲክ ለብሶ ይውላል፤ ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሎ የሚሸምነው ሰው ደግሞ ገበያውን ያጣል። እጅ ሥራ መሆኑን ለማወቅ ገልብጣችሁ እዩት፦ የተሸመነ ጥለት በጀርባውም ክሩ ይታያል፣ የታተመ ግን ጀርባው ፈዛዛ ወይም ነጭ ነው። የሚያብረቀርቅ የጥለት ክር ግን የሽመናውም ቢሆን ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል፣ የሕፃን አንገትም ይቧጥጣል። ለሕፃን ሲሆን ጥለቱ ከአንገትና ከብብት ራቅ ያለውን ምረጡ።

እግረ መንገዳችንን፣ ኦርጋኒክ ጥጥ የግድ ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም። አርባ ምንጭ አካባቢ ትናንሽ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ፓን ኢትዮጵያ ከሚባል ድርጅት ጋር ሆነው ያለ ኬሚካል ፀረ ተባይ ጥጥ ያመርታሉ። ዘዴያቸው ደስ ይላል፦ ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን የሚስብ "የምግብ ርጭት" ጥጡ ላይ ይረጫሉ፤ ነፍሳቱም መጥተው ተባዩን ይለቅሙላቸዋል። ከገበሬዎቹ መካከልም የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት ያገኙ አሉ።

ቀለሙና ማስጌጫው

የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ይሳሳል። ሕፃን ደግሞ ልብሱን ይለብሰዋል ብቻ ሳይሆን ይጠባዋል፣ ያኝከዋል። አዲስ ልብስ እንዳይጨማደድ ተብሎ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል ሊደረግበት ይችላል፤ ቆዳ ያሳክካል። ጃፓን ከ24 ወር በታች ባሉ ሕፃናት ልብስ ላይ ይህ ኬሚካል እንዳይገኝ የሚከለክል ሕግ አላት። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ሊለቁ የሚችሉ አንዳንድ የጨርቅ ቀለሞችን ከልክሏል።

እናንተ ላብራቶሪ የላችሁም፤ ውሃና ሳሙና ግን አላችሁ። አዲስ ልብስ ምንም ንጹሕ ቢመስል ሳይታጠብ ሕፃን አታልብሱ። ደረቱ ላይ እንደ ጎማ ወፍራም የሆነ፣ ሲነኩት የሚያጣብቅ ሥዕል ካለው ተዉት። አንገትና ኮፍያ ላይ የሚታሰር ገመድ ካለም ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ ልጅ ያንቃል። የአውሮፓ የደኅንነት ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እነዚህ ቦታዎች ላይ ገመድ አይፈቅድም። የላላ ቁልፍና ዶቃም እንደዚያው ነው፣ ተነቅሎ አፍ ይገባል።

ትልቁ ጥያቄ፦ ስንት ልጅ ይለብሰዋል?

አሁን ወደ ዋናው። ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ዓመት ሲሞላው 75 አካባቢ ይደርሳል፣ ክብደቱም ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአውሮፓ ሌብል ላይ 56፣ 62፣ 68፣ 74፣ 80 የሚሉት ቁጥሮች የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ሳይዝ ያልፋል ማለት ነው። ውዱ "ኦርጋኒክ" ልብስ ለሁለት ወር ተለብሶ ቁምሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ምኑ ነው ለአካባቢ የተስማማው?

ለአንድ የጥጥ ቲሸርት 2,700 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። የሕፃን ልብስ ትንሽ ስለሆነ ያንሳል፤ ሒሳቡ ግን አይቀየርም። ሦስት ልጅ ከለበሰው ውሃውም ብሩም ለሦስት ይካፈላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ራያን ማሪዮ ያሲን የሚባል ወጣት "ፔቲ ፕሊ" የተባለ ከልጁ ጋር አብሮ የሚለጠጥ የተጣጠፈ ልብስ ሠርቶ የእንግሊዝን የጄምስ ዳይሰን ሽልማት አሸነፈ። ድንቅ ሥራ ነው። እኛ አገር ግን ለዚሁ ችግር መፍትሔ ቀድሞም አለ፦ የአክስት ልጅ ልብስ። ታላቁ ያደረገውን ታናሹ፣ ከዚያ የጎረቤት ልጅ፣ ከዚያ ደግሞ ገጠር ያለ ዘመድ ይለብሰዋል። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የታጠበ ልብስ ትርፍ ኬሚካሉና ቀለሙ ወጥቶለታል፣ ለስልሶም ይጠብቃል።

ይሄን ልማድ እየበላው ያለው ምን መሰላችሁ? ሐፍረት ነው። በየወሩ አዲስ ልብስ፣ በየወሩ አዲስ ፎቶ። የተለበሰ ልብስ መስጠትም መቀበልም እንደ ድህነት እየታየ ነው። ሁለት ወር የለበሰውን የእህትን ልጅ ልብስ አፍሮ ትቶ ቁጥር የሌለው "ኦርጋኒክ" በእጥፍ መግዛት ግን ዘመናዊነት አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ለብል ተብላ ልብስ መሃል የምትቀመጠው ነጭ እንክብል፣ ናፍታሊን፣ ለሕፃን አደገኛ ናት። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሕዋስን ታፈርሳለች፤ ከባድ ቢጫነትም ታመጣለች። የሕፃን ልብስ ስታስቀምጡ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ በተዘጋ ከረጢት አድርጉት እንጂ ናፍታሊን አትጨምሩበት። ናፍታሊን የሚሸት ልብስ ከመጣላችሁም ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አታልብሱ።

ባጭሩ

1. መጀመሪያ ቤተሰብና ጓደኛ ጠይቁ። የጎደለውን ብቻ ግዙ።
2. ስትገዙ ጥጥ፣ ቀለሙ ቀለል ያለ፣ ገመድና ዶቃ የሌለው ይሁን።
3. "ኦርጋኒክ" ካሉ ቁጥሩን ጠይቁና አጣሩ።
4. አጥባችሁ አልብሱ።
5. ሲጠበው ሳይቆይ ለሌላ አስተላልፉ።

አራስ ልትጠይቁ ከሆነም ለአዲስ ለተወለደ የሚሆነውን ሁሉም ሰው ይዞ ይመጣል። እናንተ የ1 ዓመቱን ግዙ፤ እሱ ነው በደንብ የሚለበሰው።

ልጅ ለሚጠብቅ ጓደኛችሁ ላኩለት። እናንተ ቤት ስንት ልጅ ያሳደገ ልብስ አለ? ኮሜንት ላይ ንገሩን።