በየወሩ እየከፈልን ለምን እንደገና እንከፍላለን?

የቪዲዮ ጨዋታ በብዙ ቤቶች ውስጥ በወላጅና በልጅ መካከል ክርክር ያስነሣል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሚባክነው ሰዓት፣ በሚታየው ምስልና በሚጓደለው ጥናት ላይ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጎን ለጎን ብዙ ወላጆች ልብ የማይሉት የገንዘብ ጥያቄ አለ። ጨዋታ እንደ ኳስ ወይም እንደ ዳማ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ቤት የሚቀመጥ ዕቃ መሆኑ እየቀረ፣ እንደ መብራትና እንደ ስልክ በየወሩ ሒሳብ የሚመጣበት ነገር ሆኗል። በወር ሒሳቡም ላይ «ማስፋፊያ» የሚባል ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ሌላ ዋጋ ይጠየቅበታል።

በዚህ ላይ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተጫዋቾች ለዓመታት ሲያማርሩ ኖረዋል። ለመሆኑ ቁጣቸው የሥራ ፈት ወጣቶች ጩኸት ብቻ ነውን? ወይስ በውስጡ ስለ ንግድ፣ ስለ ውልና ስለ ሐቀኝነት የሚነግረን ቁም ነገር አለ? ጉዳዩን ቀረብ ብለን እንመልከተው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ቀደም ባለው ጊዜ አንድ ሰው ጨዋታ ሲገዛ ዕቃው የራሱ ይሆን ነበር። ሲፈልግ ይጫወትበታል፤ ሲሰለቸው ለጓደኛው ያውሰዋል ወይም ይሸጠዋል። ኢንተርኔት ሲስፋፋ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገናኙባቸው ጨዋታዎች መጡ። እነዚህን ለማስኬድ ሌት ተቀን የሚሠሩ ኮምፒዩተሮችና የሚጠብቋቸው ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ከመግዣው ዋጋ በተጨማሪ የወር ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በማርች 1999 የወጣው «ኤቨርክዌስት» ከዚህ ዓይነቶቹ በጣም ከታወቁት አንዱ ሲሆን፣ የወር ክፍያው ከ10 ዶላር ጥቂት ያነሰ ነበር። በዓመቱ በኤፕሪል 2000 የመጀመሪያው ማስፋፊያ ለብቻው ተሸጠ፤ ሌሎችም ተከታትለው መጡ።

ይህን አሠራር በዓለም ሁሉ ያሳወቀው ግን «ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት» የተባለው ጨዋታ ነው። የአሜሪካው ብሊዛርድ ኩባንያ በኖቬምበር 23 ቀን 2004 በ49.99 ዶላር ለገበያ ሲያቀርበው የመጀመሪያው ወር በነጻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ 14.99 ዶላር ይከፈልበታል።

የ425 ዶላሩ ደንበኛ

እንግዲህ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በመጀመሪያው ቀን ጨዋታውን ገዝቶ ሳያቋርጥ የቆየ ሰው፣ የመጀመሪያው ማስፋፊያ በጃንዋሪ 16 ቀን 2007 እስከወጣበት ድረስ 25 ጊዜ የወር ክፍያ ከፍሏል። ይህ 374.75 ዶላር ነው። መግዣው ሲጨመርበት ወደ 425 ዶላር ይደርሳል። ይህን ሁሉ ከፍሎ የቆየው ደንበኛ አዲሱን ክፍል ለማየት 39.99 ዶላር እንዲጨምር ተጠየቀ። ከገዛም በኋላ የወር ክፍያው እንደነበረው ቀጠለ።

«የወር ክፍያው ታዲያ ለምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። አልገዛም ያለ ሰው ባለበት ይቆማል። በፊት ከፍተኛው ደረጃ 60 ነበር፤ ማስፋፊያውን የገዙት ወደ 70 ሲወጡ እርሱ 60 ላይ ይቀራል። አዲሶቹን አገሮች አይገባባቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብረውት ሲጫወቱ የነበሩት ጓደኞቹ ትተውት ይሄዳሉ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ምርጫ ቢኖረውም በተግባር ግን ምርጫው ጠባብ ነው።

ይህም ሆኖ ብዙዎች ገዙ። ኩባንያው እንዳስታወቀው ማስፋፊያው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት 2.4 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጧል። በ2008 የወጣው ሁለተኛው 2.8 ሚሊዮን፣ በ2010 የወጣው ሦስተኛው ደግሞ 3.3 ሚሊዮን በአንድ ቀን ተሸጡ። በኦክቶበር 2010 የከፋዮቹ ብዛት 12 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚህ የምንረዳው ማማረርና መክፈል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ነው። ሻጭ ደግሞ ከሚሰማው ምሬት ይልቅ የሚቆጥረውን ገንዘብ ያምናል።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

ፍርድ ከመስጠት በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ያስፈልጋል። ለኩባንያው የሚከራከሩት፣ የወር ክፍያው ለኮምፒዩተሮቹ፣ ለጥገናው፣ አጭበርባሪዎችን ለሚቆጣጠሩ ሠራተኞችና በየጊዜው በነጻ ለሚለቀቁ ትናንሽ ለውጦች ነው ይላሉ። ማስፋፊያ ግን የብዙ ሰዎች የረጅም ጊዜ ድካም ስለሆነ የራሱ ዋጋ ይገባዋል። ደግሞም 15 ዶላር በሚጫወቱበት ሰዓት ቢካፈል ከሲኒማ መግቢያ ይረክሳል፤ ያልተስማማው መተው ይችላል ይላሉ።

የሚቃወሙት ደግሞ እንዲህ ይመልሳሉ። በየወሩ ስንከፍል አዲስ ነገር እንደሚመጣልን ተስፋ ተሰጥቶን ነው። አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ሊሸጥልን አይገባም፤ አንዴ መግቢያ፣ አንዴ የወር፣ አንዴ የማስፋፊያ። ከዚህም የከፋው፣ ክፍያው በወር ሲሆን ኩባንያው የሚጠቀመው ደንበኛው ብዙ ወራት በቆየ ቁጥር ነው። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ሊያልቅ የሚችል ነገር በየቀኑ እየተመላለሱ የሚደጋግሙት ሥራ ሆኖ ይለጠጣል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ወላጆችን ሊያሳስብ ይገባል። «ልጄ ለምን ከጨዋታው አይነሣም?» የምትል እናት መልሱን በልጁ ጠባይ ብቻ መፈለግ የለባትም። ጨዋታው የተሠራው እንዳይነሣ ታስቦ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ነገር ያልታየባቸው 14 ወራት

የተጫዋቾቹ ቅሬታ ሚዛን የደፋበት ጊዜ ከ2013 እስከ 2015 ያለው ነው። በሴፕቴምበር 2013 አንድ ትልቅ ለውጥ ከተለቀቀ በኋላ፣ ቀጣዩ ማስፋፊያ እስከወጣበት እስከ ኖቬምበር 13 ቀን 2014 ድረስ ለ14 ወራት ያህል ይህ ነው የሚባል አዲስ ክፍል አልመጣም። ሒሳቡ ግን በየወሩ ይቆረጥ ነበር። 14 ወር በ14.99 ሲባዛ 209.86 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ማስፋፊያው ራሱ በ49.99 ዶላር ቀረበ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ያማረሩት በቃል ብቻ አልነበረም። በ2014 አጋማሽ የከፋዮቹ ቁጥር ወደ 6.8 ሚሊዮን ወረደ። ማስፋፊያው ሲወጣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ብዙዎቹ ግን አዲሱን አይተው ወዲያው ወጡ፤ በማርች 2015 መጨረሻ 7.1 ሚሊዮን፣ በጁን መጨረሻ 5.6 ሚሊዮን ብቻ ቀሩ። በዚያው ዓመት ኩባንያው የከፋዮቹን ቁጥር በየሩብ ዓመቱ መግለጹን አቆመ።

ይህ ውጤት አላስገኘም ማለት አይቻልም። በጁላይ 2018 ኩባንያው የመጀመሪያውን ጨዋታና የቀደሙትን ማስፋፊያዎች ሁሉ በወር ክፍያው ውስጥ አጠቃለላቸው፤ ለብቻው የሚሸጠው አዲሱ ብቻ ሆነ። በኦገስት 2019 ደግሞ ተጫዋቾች ለዓመታት ሲጠይቁት የነበረውን የጥንቱን ጨዋታ መልሶ ሲያወጣ ለወር ከፋዮች ተጨማሪ ዋጋ አልጠየቀም። ሌሎችም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። በኤፕሪል 2014 በግዴታ የወር ክፍያ የተጀመረው «ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን» ዓመት ሳይሞላው በማርች 2015 ግዴታውን አንሥቷል።

አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ሲከፈት

ታዲያ ተጫዋቾቹ አሸነፉ ብለን ነገሩን እንዝጋውን? አይደለም። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ በ2012 ለ«ባትልፊልድ 3» አምስት ማስፋፊያዎችን በአንድ የሚያስገኝ የ49.99 ዶላር አባልነት አውጥቶ ነበር። ተጫዋቾች ይህ የከፈለውንና ያልከፈለውን እየለየ ጓደኛን ከጓደኛ ያራርቃል በማለት ተቃወሙ። ኩባንያው በ2017 «ስታር ዎርስ ባትልፍሮንት 2»ን ሲያወጣ እንዲህ ያለውን ክፍያ አስቀረው። ማስፋፊያዎቹ ለሁሉም በነጻ እንዲሆኑ ተደረገ። የምሥራች ይመስል ነበር።

በምትኩ ግን «የዕድል ሣጥን» መጣ። ተጫዋቹ በጨዋታ ድካም ወይም በእውነተኛ ገንዘብ ሣጥን ያገኛል፤ በውስጡ ምን እንዳለ ግን ሳይከፍተው አያውቅም። ጥሩ ነገር የደረሰው በጨዋታው ብርቱ ይሆናል፤ ያልደረሰው እንደገና ይሞክራል። ዳርዝ ቬደር የተባለውን ታዋቂ ገጸ ባሕርይ ለማግኘት 60,000 የጨዋታ ነጥብ ይጠየቅ ነበር፤ ተጫዋቾች ይህ 40 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ አሰሉ። ኩባንያው ለቅሬታው በኢንተርኔት የሰጠው መልስ ከ600,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ ተቆጠረበት። መጀመሪያ ነጥቡን ወደ 15,000 ዝቅ አደረገ። ቁጣው ባለመብረዱ፣ ጨዋታው በይፋ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በኖቬምበር 16 ቀን 2017፣ በእውነተኛ ገንዘብ መግዛትን አገደ። በ2018 ግዢው ተመልሶ ሲመጣ ለመልክ ማሳመሪያ ብቻ ሆነ።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም፤ መንግሥታትም ገቡበት። በኤፕሪል 2018 የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በሦስት ታዋቂ ጨዋታዎች ያሉ የዕድል ሣጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ እንደሚጥሱ አስታወቀ። ከሦስቱ አንዱ ብዙ ልጆቻችን የሚወዱት የእግር ኳስ ጨዋታ «ፊፋ 18» ነበር። በኔዘርላንድስ ግን በተመሳሳይ ጉዳይ የተጣለውን ቅጣት የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 ሽሮታል። የአገሮች ሕግ ሊለያይ ይችላል። ለሙስሊም ቤተሰብ ግን ሕግ አውጪዎች እስኪስማሙ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ገንዘብ ተሰጥቶ፣ አንዱ ሲያገኝ ሌላው በባዶ የሚቀርበት ነገር ከቁማር ምን ያህል እንደሚርቅ አንባቢ ያስተውል፤ የተጠራጠረም ዑለማዎችን ይጠይቅ።

ለቤተሰብ የሚሆን ትምህርት

በአገራችን ከተሞች በየሠፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በጨዋታ ሒሳብ የሚከፍል ልጅ፣ ኪሱ ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ግን ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት የአባት ወይም የእናት የባንክ ካርድ በተመዘገበበት መሣሪያ ነው። እዚያ የሚያልቅ ኪስ የለም። «ፎርትናይት»ን የሠራው ኤፒክ ጌምስ በዲሴምበር 2022 ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት ለደንበኞች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው፣ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በቀላሉ እንዲገዙ የሚያደርግ አሠራር ነበረው ተብሎ በመከሰሱ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ማለት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ዋጋን በወር ሳይሆን በዓመት አስሉ። 14.99 ዶላር ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን 179.88 ዶላር ነው። በዚያ ላይ የማስፋፊያው ዋጋ ይደመራል።

ሁለተኛ፣ ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ክፍያው ካላስቆሙት በራሱ ይታደሳልን? ማስፋፊያ ሲወጣ ሌላ ዋጋ አለው? መክፈል ቢቆም የተገዛው ነገር ይቀራል ወይስ ይዘጋል?

ሦስተኛ፣ ካርዱን ከመሣሪያው ላይ አንሡ ወይም በየግዢው የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጉ። የተወሰነ ገንዘብ የተሞላበት ካርድ መግዛትም አንድ መፍትሔ ነው።

አራተኛ፣ ዛሬ የተስማማችሁበት ዋጋ ነገ ሊለወጥ ይችላል። ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2021 የአንድ አባልነቱን ዋጋ ለመጨመር አስታውቆ ነበር፤ ተቃውሞው ሲበረታ በዚያው ዕለት ሰረዘው። በኦክቶበር 2025 ግን የሌላ አባልነቱን ከፍተኛ ደረጃ ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ከፍ አደረገ። ሲለመዱት መተው እንደሚከብድ ሻጩ ያውቃል።

ወጣቶች ሆይ! እናንተም ቅሬታችሁ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ገዢ የሚከፍልበትን ነገር አስቀድሞ ማወቁ፣ ሻጭም የሚሸጠውን በግልጽ መናገሩ የንግድ ሁሉ መሠረት ነው፤ ጨዋታም ከዚህ አይወጣም። ሆኖም ከላይ እንዳየነው፣ እያማረረ የሚከፍል ደንበኛ ብዙም አልተሰማም። ሒሳቡ የተለወጠው ሰዎች ተነሥተው ሲወጡ ወይም ግዢውን እምቢ ሲሉ ነው። ስለዚህ «ዋጋው ልክ አይደለም» ብሎ የሚያምን ሰው መጀመሪያ ክፍያውን ያቁም።

ወላጆችም ልጅ «ሁሉም ጓደኞቼ ገዙ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ» ሲል በቁጣ ብቻ አትመልሱት። ልጁ የተናገረው እውነት ነው፤ ጨዋታው የተሠራውም ያልገዛው ብቻውን እንዲቀር ሆኖ ነው። ወረቀትና ብዕር አምጥታችሁ ከእርሱ ጋር አስሉ። የዓመቱን ድምር በዓይኑ አይቶ፣ በዚያ ገንዘብ ምን ሊገዛ እንደሚችል ራሱ ይናገር። አሥር ጊዜ ከተነገረው ምክር ይልቅ በገዛ እጁ የደመረው ቁጥር በልቡ ይቀራል።