በእግሩ የሚታወቅ መዥገር

መዥገር ደም ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ዝርያውን በዓይን መለየት ያስቸግራል። የሰውነቱ ቆዳ ተለጥጧል፤ በችኮላ ከተነቀለ ደግሞ አፉ ቆዳ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስድስት እግር ብቻ ያለው እጭማ ለባለሙያም ፈተና ነው። ያም ሆኖ ማንነቱን ማወቅ ግድ ይላል፤ አምብልዮማ ቫሪዬጋተም የሚባለው መዥገር ኸርትዋተር የተባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ ያስተላልፋል፤ ከሃያሎማ ወገን የሆኑት ደግሞ የክሪሚያ ኮንጎ ትኩሳትን ወደ ሰው ያደርሳሉ።

ማልዲ ቶፍ የተባለው ዘዴ መልክን ትቶ ፕሮቲንን ይመረምራል። የመዥገሩ ጥቂት እግሮች ተቆርጠው በፎርሚክ አሲድና በአሴቶናይትራይል ውስጥ ይፈጫሉ። ከፈሳሹ አንዲት ጠብታ ብረት ሰሌዳ ላይ ትደርቃለች። ሌዘር ሲመታት ፕሮቲኖቹ ኤሌክትሪክ ተሸክመው ይነሳሉ፤ አየር በሌለው ቱቦ ውስጥም ይበራሉ። ባዶ ጋሪና እህል የተጫነ ጋሪ በእኩል ጉልበት ቢገፉ ባዶው እንደሚቀድም ሁሉ፣ ቀላሉ ፕሮቲን ቀድሞ ይደርሳል። የመድረሻ ጊዜያቸው ተለክቶ የዝርያው መለያ የሆነ፣ ጫፎች ያሉት የመስመር ሥዕል ይወጣል።

እግር የተመረጠው በምክንያት ነው። መዥገሩ ሆድ ውስጥ ያለው ደም የተጣበቀበት እንስሳ ስለሆነ የእንስሳው ፕሮቲን ውጤቱን ያደፈርሰዋል፤ እግር ላይ ይህ ችግር እምብዛም የለም። የተረፈው አካል ደግሞ መዥገሩ የተሸከመውን ጀርም በዲኤንኤ ለመፈለግ ይውላል።

ማሽኑ ግን በራሱ አንድም መዥገር አያውቅም። የወጣውን ሥዕል የሚያመሳክረው፣ ባለሙያ አስቀድሞ በዓይንና በዲኤንኤ አረጋግጦ ካስመዘገባቸው ናሙናዎች ጋር ነው፤ ያልተመዘገበ ዝርያ ቢመጣ በትክክል ሊሰይመው አይችልም። ስለዚህ ዘዴው የመዥገር ሊቃውንትን ከሥራ ያስወጣል የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ናሙና የሚቆይበት አልኮልም የራሱ ጣጣ አለው። በአልኮል የቆየ መዥገር የፕሮቲን ሥዕሉ ስለሚለወጥ ከትኩስ መዥገር መዝገብ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ የራሱ መዝገብ ያስፈልገዋል። ከመስክ የሚመጣ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በአልኮል ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ ጥናት ከኦሮሚያ ተሰብስበው በአልኮል የቆዩ መዥገሮች በዚሁ ዘዴ ተለይተዋል።

ለአንድ ናሙና የሚወጣው ወጪ አነስተኛ ነው፤ ውዱ ማሽኑ ነው። ይሁንና በብዙ አገሮች ትልልቅ ሆስፒታሎች ባክቴሪያ ለመለየት ብለው ገዝተውታል፤ የመዥገር አጥኚ አስተማማኝ መዝገብ ካለው በእነሱው ማሽን ሊሠራ ይችላል።