ውሸታሙ ምሳ በልቷል?

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ ስለሚሻገር ሰው አያቴ ስታጫውተኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ መሻገሩ አልነበረም። «ነብሩን እንዴት ያዘው?» አልኳት። «ይዟል ተብሏል!» ብላ ዘጋችኝ። ታንኳዋ ከሰውየው ሌላ አንዱን ብቻ ትይዛለች። ነብርና ፍየል፣ ፍየልና ቅጠል ብቻቸውን ከቀሩ አለቀ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ያሻገሯትን ፍየል መልሶ ማምጣት እንደሚቻል ማን ያስባል?

ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህ ጨዋታ ከእንቆቅልሽ ይለያል እላለሁ። እንቆቅልሹን ካላወቅነው አገር ሰጥተን እንገላገላለን። እዚህ ግን የሚያስፈልገው ሁሉ ጥያቄው ውስጥ ስላለ፣ ጎንደርን ሰጥቶ ማምለጥ የለም።

የጨዋታው አለቃ ለእኔ አሜሪካዊው ሬይመንድ ስሙልያን ነው (1919–2017 እ.ኤ.አ.)፤ የአመክንዮ ሊቅ፣ ፒያኖ ተጫዋች፣ ምትሃት አሳዪ። ትንሽ ልጅ ሳለ በአፕሪል ዘ ፉል ዕለት ታላቅ ወንድሙ «ዛሬ ተታለህ እንደማታውቅ አታልልሃለሁ» ይለዋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ቢጠብቅ ምንም የለም። ማታም እንቅልፍ እምቢ አለው። ወንድሙ መጥቶ «እንዳታልልህ ስትጠብቅ ነበር አይደል? አላታለልኩህም። እንግዲህ ተታለልክ!» አለው። ልጁ መብራት ከጠፋ በኋላም «ተታለልኩ ወይስ አልተታለልኩም?» እያለ ይገላበጥ ነበር። ሲያድግም የተወው አይመስለኝም፤ በ1978 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ «የዚህ መጽሐፍ ስም ማን ነው?» የሚል ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ባለችው የስሙልያን ደሴት ነዋሪው ወይ ሁልጊዜ እውነት ይናገራል፣ ወይ ሁልጊዜ ይዋሻል። ከሁለት ሰዎች አንዱ «ከሁለታችን ቢያንስ አንዱ ውሸታም ነው» ቢልስ? ተናጋሪው ውሸታም ቢሆን ንግግሩ እውነት ይሆንበታል፤ እውነት መናገር ደግሞ አይችልም። ስለዚህ እሱ እውነተኛ፣ ጓደኛው ውሸታም። «እኔ ውሸታም ነኝ» ማለት የሚችል ግን በደሴቱ አንድም ሰው የለም። ስሙልያን አንባቢውን በዚህ እያሳሳቀ ነው የአመክንዮ ሊቁ ጎደል በ1931 ያወጣው ከባድ ማረጋገጫ ደጃፍ የሚያደርሰው።

ተረቱን መራራ ኪኒን ላይ እንደተቀባ ስኳር የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። በሰፈራችን የታወቀው ውሸታም እንኳ ሰዓት ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል፤ በእሱ ላይ ምን ማስላት ይቻላል? ፈጽሞ የማያወላውል ውሸታም የሚገኘው ተረት ውስጥ ብቻ ነው።

ባለፈው ይህንኑ ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ውሸታሙን ሚስቱ ምሳ በላህ ብትለውስ?» አለ።

«በልቶ ከሆነ አልበላሁም ይላል።»

«ታዲያ ሁለቴ ይበላል!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ ዞር ብላ «አይበላም። አልበላሁም ካላት እንደበላ ታውቃለች» አለችው።

«እንደሚዋሽ ማን ነገራት?»

«ተብሏል!» አለች ልጅቱ፣ እኔን ቀድማ።