የእንጨት ቅርጽ ኅትመትና ክታብ
ስለ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ሕይወትና ሥራ

ከወረታ በማይርቅ አገር፥ በጉማራ ወንዝ አጠገብ፥ ዋንዛዬ የሚባል ፍል ውኃ አለ። ሕመምተኛ ሁሉ ፈውስ ፍለጋ ወደዚያ ይወርዳል። በዚህ አገር ከውኃና ከጠበል ሌላ፥ ፈውስን ከጽሑፍና ከሥዕል መጠበቅም የቆየ ልማድ ነው። በቆዳ የተሰፋ ክታብ በአንገት ማሰር በበጌምድር ብቻ ሳይሆን በሰሜን ኢትዮጵያ በሰፊው የታወቀ ነው። ይህ ክታብ ከዘመናዊው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ መልሱን በሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ሥራ ያገኘዋል።

በእንጨት ቅርጽ የታተመ ሥዕል ለጎንደር አገር ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮማ ከተማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፥ አንቶኒዮ ቴምፔስታ በነደፋቸውና በእንጨት በተቀረጹ ሥዕሎች ያጌጠ ነበር። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ለጎንደር ሠዓሊያን አርአያ ሆነ። ሠዓሊያኑ የሰዎቹን አቀማመጥና የታሪኩን አደራደር ወሰዱ፤ ነገር ግን በጥቃቅን መስመር የተሠራውን ጥላ ትተው ደማቅ ቀለም አለበሱት፤ ፊቱንና ዓይኑንም እንደ አገራቸው ልማድ አደረጉት። እንግዲህ ያን ጊዜ የገባው የታተመው ሥዕል እንጂ የመቅረጹ ጥበብ አልነበረም። ከመሮው የወጣው መስመር በብርዕና በብሩሽ ተቀዳ፤ መሮው ግን በባሕር ማዶ ቀረ።

የጥበቡ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሠዓሊው ለስላሳ ሆኖ በተላገ ሳንቃ ላይ ሥዕሉን ይነድፋል። ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚፈልገውን ስፍራ በቢላዋና በመሮ ይፈለፍላል፤ ጥቁር የሚሆነውን ሳይነካ ይተወዋል። ከዚያም በሚንከባለል የጎማ መሣሪያ ቀለም ይቀባና፥ ወረቀት አልብሶ በማተሚያ መኪና ወይም በማንኪያ ጀርባ እያሸ ያትመዋል። በሳንቃው ላይ በስተቀኝ የነበረው በወረቀቱ ላይ በስተግራ ይወጣል። የተሳሳተ ብሩሽ በቀለም ይሸፈናል፤ መሮ የነቀለው እንጨት ግን አይመለስም። ስለዚህ ይህ ጥበብ ቁርጠኛ መስመርን ያስተምራል። ደግሞም ማተም የሚለው ቃላችን ከማኅተም ጋር አንድ ሥር አለው፤ ማኅተም ቀራጭም ቢሆን የሚሠራው ተገልብጦ እንዲነበብ አድርጎ ነው።

መሮው ወደ ኢትዮጵያ የገባው በትምህርት ቤት በኩል ነው። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱት አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። ወደዚህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 ካርል ሐይንስ ሐንሰን የተባለ ጀርመናዊ መጣ። ሐንሰን በ1915 በሐምቡርግ የተወለደ፥ በወጣትነቱ መርከበኛ የነበረ፥ ኋላም በብራዚል አገር በባሂያ ተቀምጦ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን የሠራ ሰው ነው። ያን አገር ከመውደዱ የተነሣ ስሙን ሐንሰን ባሂያ አሰኝቷል። በአዲስ አበባ እስከ 1966 ድረስ ኅትመትን ካስተማረ በኋላ ወደ ብራዚል ተመልሶ በ1978 በዚያው ዐረፈ። የአስተማሪነት ዘመኑ አጭር ቢሆንም ፍሬው አጭር አልሆነም።

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነበሩ። ዘሪሁን እ.ኤ.አ. በ1941 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ ከሐንሰን እጅ የእንጨት ቅርጽን ተምረው በ1968 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ኋላም እዚያው ትምህርት ቤት ገብተው የኅትመትን ጥበብ ለተከታዩ ትውልድ አስተማሩ። ከአስተማሪያቸው የተቀበሉት ጥቁርና ነጭ ፊት ለፊት የሚጋጠሙበትን ብርቱ አሠራር ነው። ነገር ግን የጀርመንን ወይም የብራዚልን ሥዕል መድገም አልበቃቸውም፤ ለዚህ መስመር የሚስማማ የአገር ቤት ምንጭ ፈለጉ፤ ያገኙትም በክታብ ላይ ነው።

ክታብ ጠባብ ብራናዎች እርስ በርሳቸው ተሰፍተው የሚሠራ ጥቅል ነው፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ይለካል። ደብተራው በላዩ ጸሎትና አስማት ይጽፋል፤ በጸሎቱም መካከል የባለቤቱን ስም ያገባል። ሾተላይ ልጅ ለሚነሣት እናት፥ ዓይነ ጥላ ወይም ቡዳ ለያዘው ሰው ይሠራለታል። ከጽሑፉ ጋር ጠልሰም የሚባለው ሥዕል አለ፦ ሰይፍ የያዘ መልአክ፥ በመካከሉ ፊት ያለበት ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፥ በየማዕዘኑ የሚያፈጥ ዓይን። ዓይኑ ለጌጥ አልተሣለም፤ ርኩስ መንፈሱ አይቶት እንዲሸሽ ነው። ጥላ የለውም፤ ጥልቀት የለውም፤ ያለው ጥቁር መስመርና ባዶ ስፍራ ነው። መሮ የለመደ እጅ ይህን መስመር ባየ ጊዜ የራሱን ቋንቋ እንዳገኘ ሊቆጥር ይችላል።

ሆኖም በሁለቱ መካከል ከባድ ተቃርኖ አለ። ክታብ ለአንድ ሰው ብቻ ይሠራል፤ ስሙ ይገባበታል፤ ተጠቅልሎም ይዘጋል። ኅትመት ግን ከአንድ ሳንቃ ብዙ ቅጂ ያወጣል፤ የማንንም ስም አይዝም፤ ለተመልካች ሁሉ ክፍት ነው። ኋላ ዘሪሁን እጅግ የታወቁበት ሥራ ለዚህ ጥያቄ እንደ መልስ ሊታይ ይችላል። ጠባብ የቀርከሃ ስንጥሮችን ጎን ለጎን ደርድረው በላያቸው ሣሉ። ስንጥሮቹ እንደ ተዘረጉ ክታቦች ናቸው፤ ዓይኖች፥ ፊቶች፥ መስቀሎችና ምልክቶች ይሞሏቸዋል፤ ከሌላው አፍሪካ የመጣ ጭምብልም በመካከላቸው ይታያል። የመሮው ቁርጠኛ መስመር በብሩሹ ውስጥ አለ፤ ሥራው ግን እንደ ክታቡ ቅጂ የሌለው ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1988 የሠሩት «ከአስማት ጥበብ የተገኘ ምርምር» ሊባል የሚችለው ሥዕል በሙኒክ ወደሚገኘው የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ገባ። በ1989 ደግሞ ኤሊዛቤት ቢያዚዮ ስለ ዘሪሁን፥ ስለ ግርማይ ሕይወትና ስለ ወርቁ ጎሹ ያዘጋጀችው መጽሐፍ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ታተመ። በ1992 በዳካር በተደረገው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይም ዘሪሁን ታላቁን ሽልማት ተቀበሉ።

በዚህ ላይ የባህል ተመራማሪው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሥዕሉ ከጭምብልና ከጦር ጋር በአንድ ቤት ሲቀመጥ፥ ሠዓሊው የጥንቱ ልማድ ምስክር ብቻ ሆኖ እንዳይቆጠር ያሰጋል። ዘሪሁን ደብተራ አይደሉም፤ ሥዕላቸውም ሾተላይን ያስወጣል የሚል የለም። የክታቡን ትርጉም ማወቅ የሚሻ ወደ ባለ ክታቡና ወደ ጸሓፊው ይሂድ። ከዘሪሁን የምንማረው ሌላ ነገር ነው። የጎንደር ሠዓሊያን የሮማን ሥዕል ተቀብለው የራሳቸውን ፊት እንደ ሰጡት፥ እርሳቸውም የሐምቡርጉን ሰው መሮ ተቀብለው የራሳቸውን ዓይን ሰጥተውታል። የውጭ ጥበብ የአገር ጥበብ የሚሆነው በአገሩ ውስጥ የሚጠብቀው መስመር ሲያገኝ ነው። ያ መስመር በፎገራና በበጌምድር ሰዎች አንገት ላይ፥ በቆዳ ተሰፍቶ፥ ብዙ ዘመን ቆይቷል።