የአፍንጫ አለርጂና የሳይነስ መታፈን፤ በቤት የሚደረግ እንክብካቤ እስከ የት ያደርሳል?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ስማዳና ጋይንት ያለው ምድር በሣርና በአበባ ይሸፈናል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሰብሉ ታጭዶ በየአውድማው ይወቃል፤ የጤፉና የገብሱ እብቅም ከነፋስ ጋር ይበተናል። እነዚህ ወራት በመካነ ኢየሱስና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የበረከት ጊዜያት ናቸው። አፍንጫቸው ለሚታፈን፣ ዓይናቸውን ለሚያሳክካቸውና ግንባራቸውን ለሚከብዳቸው ሰዎች ግን የጭንቅ ወራት ይሆናሉ። ችግሩ ሲደርስ አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፤ ሌላው «ሳይነስ ነው» ብሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ይታጠናል፤ ሦስተኛው አሞክሲሲሊን ገዝቶ ይውጣል። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ልማዶች መካከል የሚረዳው፣ የማይረዳውና ጉዳት የሚያስከትለው የትኛው እንደ ሆነ ለማብራራት እንሞክራለን።

ሳይነስ የበሽታ ስም አይደለም

«ሳይነስ አለብኝ» የሚለው አነጋገር በሕዝባችን ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሳይነስ ማለት በግንባር፣ በጉንጭ፣ በዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ በስተኋላ ባሉት አጥንቶች ውስጥ የሚገኝ ክፍት የአየር ቦታ ነው። በአራት ጥንድ የተከፈለ ሲሆን ሁሉም ሰው አለው። እያንዳንዱ ቦታ ወደ አፍንጫ የሚከፈት ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ በውስጡ የሚመነጨው ፈሳሽ የሚወጣውም በዚሁ ነው። የአፍንጫው ስስ ሽፋን ሲያብጥ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ግንባርና ጉንጭ ይከብዳሉ፤ ጎንበስ ሲሉም ሕመሙ ይበረታል።

ሽፋኑን ከሚያሳብጡት ነገሮች መካከል ጉንፋን፣ ጭስና አለርጂ ዋነኞቹ ናቸው። አለርጂ ሰውነት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። የሣር የአበባ ዱቄት፣ የእህል ብናኝ፣ ሻጋታ ወይም የእንስሳት የቆዳ ቅርፊት ወደ አፍንጫ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቅቃሉ። ማሳከኩ፣ ማስነጠሱና እንደ ውኃ የቀጠነው ንፍጥ የሚመጡት ከዚህ የተነሣ ነው። በመስከረም ብዙ ጊዜ የምትወቀሰው አደይ አበባ ናት፤ ነገር ግን የእርሷን ዱቄት በአብዛኛው የሚያጓጉዙት ነፍሳት ናቸው። በነፋስ ተሸክሞ ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ይበልጡን የሣር ዱቄት ነው።

ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይድናል፤ ሰውነትን ያደቅቃል፤ አንዳንዴም ትኩሳት ያስከትላል። አለርጂ ግን ትኩሳት የለውም፤ ያሳክካል፤ ምክንያቱ እስካለ ድረስ ለሳምንታት ይቆያል፤ በየዓመቱም በወራቱ ይመለሳል። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት በመሆኑ ለአለርጂም ሆነ ለጉንፋን አይጠቅምም። የንፍጥ ቀለም ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ መለወጡም ብቻውን መድኃኒቱን ለመውሰድ ምክንያት አይሆንም።

የመጀመሪያው ሕክምና ምክንያቱን ማራቅ ነው

የታፈነን አፍንጫ ለመክፈት ስንደክም አፍንጫውን ያሳፈነውን ነገር እንዳንዘነጋ ያስፈልጋል። በገጠር ቤቶቻችን ቀዳሚው ጭስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ የሚጨስ ማገዶ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። በኩበትና በእርጥብ እንጨት በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጋገርበት ቤት የእናቶችንና የሕፃናትን የመተንፈሻ አካል ዕለት ዕለት ይጎዳል። ማገዶን አድርቆ መጠቀም፣ ማብሰያውን ከመኝታ መለየት፣ በጣሪያ ሥር የጭስ መውጫ ማበጀትና እንደ ምርጥ ምድጃ ያለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መትከል ከማንኛውም ቅጠል የበለጠ ጥቅም አላቸው።

በአውድማ የሚሠራ ሰው ነፋሱን በስተጀርባው አድርጎ ቢቆም፣ አፍና አፍንጫውን በንጹሕ ፎጣ ወይም በነጠላ ቢሸፍን፣ ከሥራ ሲመለስ ከመተኛቱ በፊት ፊቱንና ጠጉሩን ታጥቦ ልብሱን ቢለውጥ ሕመሙ ይቀልለታል። ቤት ሲጠረግ ወለሉን ውኃ ማርከፍከፍ፣ አጎዛንና ምንጣፍን ከቤት ውጭ ማራገፍና ፀሐይ ማስመታት፣ እንስሳትን ከመኝታ ክፍል ማራቅም ያስፈልጋል።

ይህ ምክር የአብነት ተማሪዎቻችንን በተለይ ይመለከታል። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በምትገኝበት በጋይንትና በአካባቢው፣ የዜማ ተማሪው ሀብቱ ድምፁና ትንፋሹ ነው። በጠባብ ጎጆ ውስጥ እሳት አንድዶ፣ ደበሎውን ለብሶ የሚያድር ተማሪ አፍንጫው ታፍኖ በአፉ ሲተነፍስ ያድራል፤ ጉሮሮውም ይደርቃል። ለተማሪዎች የሚሠራ ማደሪያ መስኮትና የተለየ ማብሰያ ቢኖረው ለጤናቸውም ለትምህርታቸውም ይበጃል።

በኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን የማቃጠል ልማድም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብን ከፈጀው «የኅዳር በሽታ» ከሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር ይያያዛል። አካባቢን ማጽዳቱ መልካም ነው። በዘመናችን ግን በቆሻሻው ውስጥ ፕላስቲክ ስላለበት ጭሱ መርዛማ ነው፤ አስምና አለርጂ ላለባቸው ሰዎችም አደገኛ ነው። በቤት ውስጥ ዕጣን የሚያጤስ ሰውም በርና መስኮት ቢከፍት፣ ሕመምተኛውንም ከጭሱ ቢያርቅ መልካም ነው።

በጨው ውኃ ማጠብ

በቤት ከሚደረጉት እንክብካቤዎች መካከል ይበልጥ የተመሰከረለት አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ነው። በሕንድ አገር ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን ዛሬ ሐኪሞችም ያዝዙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ አገር ከ800 በላይ የሳይነስ ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ታትሟል። በጥናቱ አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ መጠነኛ እፎይታ ሲያስገኝ በእንፋሎት መታጠን ግን የሚታይ ጥቅም አልተገኘበትም።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ንጹሕ ውኃ ይፈላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው እንደ መካነ ኢየሱስ ባሉ ቦታዎች ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ለሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ያልፈላ የወንዝ፣ የምንጭ ወይም የቧንቧ ውኃ ወደ አፍንጫ ፈጽሞ አይገባም፤ በውስጡ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሕይወት እስከማሳጣት ሊደርሱ ይችላሉና። ውኃው ተሸፍኖ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ ለግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ንጹሕ የገበታ ጨው ይጨመርበታል። ከዚያም እጅን ታጥቦ፣ በሳህን ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ራስን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ አፍን ከፍቶ በአፍ እየተነፈሱ መርፌ በሌለው ንጹሕ ስሪንጅ ከላይ በሆነው የአፍንጫ ቀዳዳ ቀስ አድርጎ መጨመር ነው። ውኃው በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። የተረፈው ይደፋል፤ ለሚቀጥለው ቀን አይቀመጥም። ቢያቃጥል ጨዉን መቀነስ ይገባል። በቅርቡ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ጆሮውን የሚያመው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

እንፋሎትና የጓሮ ዕፅዋት

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ቅጠሉ የማይታጠንበት ቤት ጥቂት ነው። ሽታው አፍንጫ የተከፈተ እንዲመስል ያደርጋል፤ እብጠቱን ግን አያጠፋም። ደስ የሚለው አዋቂ ሰው ቢታጠን አንከለክልም። ሕፃናትን በፈላ ድስት ላይ ሸፍኖ ማጠን ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ድስቱ ቢገለበጥ የሚደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ እጅግ የከፋ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይትም መርዛማ ስለሆነ አይጠጣም፤ በሕፃናት አፍንጫ አጠገብም አይቀባም።

ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ትኩስ ሻይ ወይም የሽሮ መረቅ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ፈሳሽ መጠጣትም ንፍጥን ያቀጥናል። ማር ሳልን ያስታግሳል፤ የአበባ አለርጂን ይፈውሳል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠት አደገኛ ነው። ዳማከሴ የተወደደ የጓሮ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ጭማቂውን ወደ አፍንጫ ማንጠብጠብ የተቆጣውን ሽፋን ይበልጥ ሊያስቆጣው ይችላል። ጤና አዳም ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት በመድኃኒትነት ልትወስደው አይገባም፤ ጭማቂው የነካው ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ሊላጥና ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ በቤት መቆየት አይገባም፦

• በዓይን ዙሪያ እብጠት ወይም መቅላት፣ የማየት መቀነስ፣ የአንገት መገተር ወይም ብርቱ ራስ ምታት፤
• ከፍተኛ ትኩሳት፣ ወይም ከተሻለ በኋላ ተመልሶ የሚበረታ ሕመም፤
• ከዐሥር ቀን በላይ ቆይቶ ያልተሻለ የግንባርና የጉንጭ ሕመም፤
• የትንፋሽ ማጠርና በደረት ውስጥ የሚሰማ ማፏጨት፤
• ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፤ ይህ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራን የሚጠይቅ ነውና።

የአለርጂ መድኃኒት ውድ ወይም ብርቅ አይደለም። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የሂስታሚንን ሥራ ይገታሉ፤ በሐኪም የሚታዘዝ የአፍንጫ ርጭትም እብጠቱን ይቀንሳል። አፍንጫን ፈጥኖ የሚከፍት ጠብታ ግን ከአንድ ሳምንት በላይ ሲወሰድ መልሶ ያሳፍናል።

በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የተሰጠው ትምህርት ጸሎትንና ሕክምናን አያጣላም። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ይህን ምክር ከአውድማው ወራት በፊት፣ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን እንዲያሰሙ እንጠይቃለን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ጋብዘው የጨው ውኃውን አዘገጃጀት በተግባር ቢያሳዩ፣ የአብነት ተማሪዎችን ማደሪያ የጭስ መውጫም ከመጪው ክረምት በፊት ቢያበጁ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙዎችን ከሥቃይ ያሳርፋሉ።