ኮምፒዩተሩ ከመሸጡ በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ «ዊንዶውስ 11 አይቀበልም» የተባለ የቢሮ ኮምፒዩተር በገዢ ፊት ይረክሳል። እምቢታው ግን ሁልጊዜ ከእርጅና አይመጣም።

ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ፣ አነሳሱ በአሮጌው «ሌጋሲ» ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «ሴኪዩር ቡት» የተባለው፣ ያልታወቀ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ቀድሞ እንዳይነሳ የሚያግደው ዘበኛ በሌጋሲ አይሠራም። «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ተከፍቶ «ባዮስ ሞድ» የሚለው መስመር ቢታይ ነገሩ ይለያል። ቲፒኤም 2.0 የተባለው ቺፕም ተዘግቶ ይገኛል።

ችኮላ ግን ያከስራል። ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው ስልት የተከፈለ ከሆነ፣ ወደ ጂፒቲ ሳይለወጥ አነሳሱን ወደ ዩኢኤፍአይ ያዞረ ነጋዴ የሒሳብ ማሽኑ አልነሳ ይለዋል። መለወጫው ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው አይገዛም፤ አስቀድሞ የፋይል ቅጂ መያዝ ግን ግድ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈም ባለ 48 አኃዙ የማስመለሻ ቁልፍ በእጅ ይኑር። ቁልፉ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም አይተካውም።

ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ደግሞ የባዮስ የይለፍ ቃል እንዳለበት ይጠይቅ። የቀድሞው ባለቤት ቆልፎት ከሄደ ቅንብሩን መለወጥ አይቻልም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይነገራል።